ስምንተኛዋ አብዮት

ሱሉልታ ውስጥ ኦቦ ዲሪርሳን የማያውቅ ሰው ካጋጠማችሁ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ወተት የማይጠጣ ነው። እኔ በእሳቸው በረት ስገባ ስወጣ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል። ሥራዬ ላም ማዳቀል ነው። የምስክር ወረቀቴ ላይ ረጅምና የተከበረ ስም ተጽፎለታል፤ የአገሩ ሰው ግን «ኮርማው ወንዲ» ብሎ ገላግሎኛል። እኔ ለምጄዋለሁ። ሚስቴ ግን ገበያ ላይ «የኮርማው ሚስት» ስትባል እስከ ዛሬ ፊቷ ይቀላል።

ስለ ኦቦ ዲሪርሳ ለማውራት ስለ ላሞቻቸው ማውራት ግድ ነው፤ ሰውየው ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ የሚመልሱት በላም ነውና። መቼ ተወለዱ ሲባሉ «ቀይዋ መንታ የወለደች ዓመት» ይላሉ። መቼ አገቡ ሲባሉ «ቡሬዋ የነጠፈች ሰሞን»። ባለቤታቸው እማማ ጠጅቱ ይህን በሰሙ ቁጥር «አዎ፣ እኔን ያገባኝ ወተት ቢቸግረው ነው» ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ።

በ1967 ዓ.ም. ኦቦ ዲሪርሳ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበሩ፤ የአንድ ባለርስት ላሞች አላቢ። ባለርስቱ ከውጭ ያስመጣቸው ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ላሞች ነበሩት፤ አንድ ጊዜ ሲታለቡ ባልዲ የሚሞሉ። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ሰውየው በጊዜ አዲስ አበባ ገብቶ ጠፋ። ዘማች ተማሪዎች መጡ፣ ግድግዳው ላይ መፈክር ተጻፈ፣ ላሞቹም ለጭሰኛው ይከፋፈሉ ተባለ። ከመከፋፈሉ በፊት ግን ደስታው መገለጽ ነበረበትና ሁለት ላም ታረደ። የታረዱት ከሁሉም የበለጠ የሚታለቡት ነበሩ። ለምን ቢባል፣ የወፈሩት እነሱ ነበሩ።

አንደኛዋ ከወለደች ገና አምስት ቀኗ ነበር። ጥጃዋን ማን ይውሰድ ሲባል እጁን ያወጣ የለም። እናት የሌላት ጥጃ ወተት ትጠጣለች እንጂ ወተት አትሰጥም። ከኋላ ሆነው እጃቸውን ያወጡት ዲሪርሳ ነበሩ። መዝገብ የያዘችው ባለመነጽር ዘማች የጥጃዋን ስም ጠየቀች፤ ስም አልነበራትም፤ ልጅቷ ራሷ «አብዮት» ብላ ጻፈች።

«አብዮት ምን እንደሆነ እኔ መች አውቄ» ይላሉ ኦቦ ዲሪርሳ። «የልጅቷ እህት ስም መስሎኝ ነው በደስታ የተቀበልኩት።»

ጥጃዋን ከጎረቤት በለመኑት ወተት ውስጥ ጣታቸውን እየነከሩ፣ እያጠቧት አሳደጓት። አድጋ ወለደች፤ ወልዳም አካባቢው አይቶት የማያውቀውን ወተት አወረደች። ኦቦ ዲሪርሳ ከዚያች ዕለት ጀምሮ አንድ ሕግ አወጡ። የመጀመሪያዋ ሴት ጥጃ የእናቷን ስም ትወርሳለች። እናም ሁለተኛዋ አብዮት፣ ሦስተኛዋ አብዮት እየተባለ ይቆጠር ጀመር።

ስሙ ያመጣው ጣጣ የጀመረው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲቋቋም ነው። የሁሉም ላም ወደ አንድ በረት ይግባ ተባለ። ገባ። በረቱ የሁሉም ስለሆነ የሚጠርገው ጠፋ፤ ላሞቹ የሁሉም ስለሆኑ የሚያበላቸው ጠፋ። ወተቱም የሁሉም ነበር፤ እሱን የሚጠጣው ግን አልጠፋም። ኦቦ ዲሪርሳ አላቢ ሆነው ተመደቡ። አንድ ቀን ከላይ የመጣ ካድሬ ስብሰባ ጠርቶ የሥራ ክፍሎች ሪፖርት ያቅርቡ አለ። ኦቦ ዲሪርሳ ተራቸው ሲደርስ ተነሥተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እንዲህ አሉ።

«አብዮት ነጥፋለች። ብትነካ ትራገጣለች። የራሷንም ልጅ አልቀበል ብላለች። በዚህ ዓይነት ከቀጠለች ከክረምቱ አታልፍም።»

መናገር የሚችል ሰው በሙሉ ጫማውን ያይ ጀመር። ካድሬው እስክሪብቶውን አስቀምጦ «መፍትሔውስ?» አላቸው። ኦቦ ዲሪርሳም በቅንነት «ወደ ባለቤቷ ትመለስ» አሉ።

አሥራ አንድ ቀን ታሰሩ። የተፈቱት ላሟ ራሷ ጣቢያ ድረስ ተጎትታ ለምስክርነት ከቀረበች በኋላ ነው። ካድሬው በሳቅ ፈንታ ትእዛዝ ሰጠ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስሟ «ሰላም» ይሁን። ላሟ ግን ሰላም ሲሏት ዞር ብላ የማታይ፣ ወተቷንም ሽቅብ የምትይዝ ሆነች። በወሩ ኮሚቴው ተሰብስቦ ላሟ በቀድሞ ስሟ እንድትጠራ በቃለ ጉባኤ ወሰነ። «ከስብሰባ ውስጥ ሲወጣ ያየሁት ትክክለኛ ውሳኔ ይሄ ብቻ ነው» ይላሉ ኦቦ ዲሪርሳ።

በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ማኅበሩ በአንድ ቀን ፈረሰ። ሰው ገመድ ገመዱን ይዞ ወደ በረቱ ሮጠ፤ የትኛዋ ላም የማን እንደሆነች የሚያውቅ አልነበረም። ኦቦ ዲሪርሳ ገመድ አልያዙም። በሩ ላይ ቆመው «አብዮት!» ብለው ተጣሩ፤ አጥንቷ ብቻ የቀረ አንዲት ጥቁርና ነጭ ላም ከግርግሩ መሃል ወጥታ ተከተለቻቸው። አራተኛዋ ነበረች። እሷን ቀልበው፣ ዘሯን አብዝተው፣ እኔ በኋላ ስደርስ በረታቸው ውስጥ ዘጠኝ የሚታለቡ ላሞች ነበሩ። በየማለዳው የሚጫነው ወተት አዲስ አበባ ሲደርስ ገና ሙቀቱ አይለቅም።

ቀጥሎ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከ2008 ጀምሮ መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ወጣቱ ቁጣው እውነተኛ ነበር፤ ከከተማው ጋር የሚያዋስነን መሬት ሲሸራረፍ ያየ ሰው ለምን ተቆጣችሁ አይልም። ላም ግን አድማ አታውቅም። መንገድ ቢዘጋም ግቷ ይሞላል፤ ካልታለበች ትታመማለች፤ ታልባ ደግሞ ወተቱ የት ይሂድ? እማማ ጠጅቱ ናጡ፣ እርጎ አረጉ፣ ለጎረቤት አደሉ፤ በመጨረሻ ጎረቤትም ስልችት አለውና ወተት ይዘው ሲመጡ በሩን ይዘጋባቸው ጀመር። የላሞቹ መኖ፣ ፍሩሽካውና ፋጉሎው፣ ከከተማ አልመጣ አለ። ላሞቹ አንድ በአንድ ተሸጡ። በ2010 መጀመሪያ የቀረችው አንድ ላም ነበረች፤ ስምንተኛዋ አብዮት።

ይቺ ላም ሦስት ጊዜ ወልዳ ሦስቱም ወንድ ነበሩ። ወራሽ የላትም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አዳቅያት አልያዘም። ልጃቸው ጃለታ ሥጋ ቤት ያለው ሰው አምጥቶ አሳይቷል፤ ባጃጅ መግዛት ይፈልጋል። ለሦስተኛ ጊዜ ተሞክሮ ካልያዘች ለሥጋ ትሂድ አለ። ኦቦ ዲሪርሳም እሺ አሉ። እኔ ቆሜ ነበር፤ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ያንን «እሺ» ሳስታውሰው አሁንም ደስ አይለኝም።

የካቲት ላይ የሦስት ቀን አድማ ተጠራ። ሱቅ ዝግ፣ መኪና ቁም፣ ወደ አዲስ አበባ እህልም ወተትም አይግባ ተባለ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ስልኬ ጮኸ።

«ወንዲ፣ አብዮት ተነሥታለች። ቶሎ ድረስ» አሉኝ ኦቦ ዲሪርሳ።

ላሟ ኮርማ ፈለገች ማለታቸው ነው። በስልክ እንዲህ አይበሉ ብዬ ለመንኳቸው። ታዲያ ምን ልበል፣ ስሟ ነው አሉ። ከትናንት ማታ ጀምራለችና ከቀትር በፊት ካልደረስክ ያልፍባታል ብለው ዘጉት።

የኮርማው ዘር የሚቀመጥበትን ዕቃ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ከጫንጮ በሞተር ወጣሁ። ዕቃው የቆርቆሮ እንስራ ይመስላል፤ ውስጡ ብርዱ እጅ የሚያቃጥል ፈሳሽ ናይትሮጅን አለ፤ ክዳኑ ሲነሣ ነጭ ጭስ ይተናል። ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ወጣቶች አስቆሙኝ። አለቃቸው ገርባ የሚባል፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ያጣ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ልጅ ነበር። ዕቃውን በጣቱ ነካ አድርጎ በኦሮምኛ «ካን ኤኙቲ?» አለኝ፤ የማን ነው ማለቱ ነው።

እኔ እንግዲህ ቤተሰቤ ከሰሜን የመጣ ነው። ኦሮምኛዬ ለላም ይበቃል፣ ለፖለቲካ ግን አይበቃም። ቸኩያለሁ፣ ፈርቻለሁ፤ አጭሩን መልስ ሰጠሁ።

«ካን አብዮት።»

የአብዮት ነው አልኩ። ልጆቹ ተያዩ። ገርባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ። ዛሬ ከቀትር በፊት ካልገባ ሁሉ ነገር ያከትማል አልኩት። ከገባስ ውጤቱ መቼ ነው አለ። ዘጠኝ ወር ይፈጃል አልኩት። ቅር አለው፤ «እኛ በሦስት ቀን ልንጨርስ ነበር» አለ። ከዚያ ክፈተው ተባልኩ፤ ከፈትኩት፤ ጭሱ ቡልቅ ሲል ሠላሳው ሁሉ ከድንጋዩ ኋላ ተኛ። ሲነሡ እኔን የሚያዩበት ዓይን ሌላ ሆኖ ነበር። ድንጋዩን ራሳቸው አነሡልኝ፤ አሥር የሚሆኑት ከፊትና ከኋላ እየሮጡ፣ እየዘፈኑ አጀቡኝ።

እውነቱን ለመናገር መሃል መንገድ ላይ ነገሩ ገብቶኝ ነበር። አቁሜ ማስረዳት ይገባኝ ነበር። ግን መንገዱ ተከፍቷል፣ ፀሐይዋ ወደ ቀትር ትሮጣለች፣ ደግሞም በሕይወቴ ታጅቤ አላውቅም።

ኦቦ ዲሪርሳ በረት ስንደርስ ላሟ ታስራለች፣ ጃለታ አጥሩ ላይ ተቀምጧል፣ እሳቸው ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ይጠብቁኛል። ገርባ ግቢውን በዓይኑ ቃኘና ጠየቀ።

«አብዮት የት አለ?»

«አብዮት ሴት ናት» አሉት ኦቦ ዲሪርሳ፣ ላሟን ጀርባዋ ላይ ቸብ እያደረጉ።

እኔ ረጅሙን ጓንት እያጠለቅኩ ድንጋይ የሚመጣበትን አቅጣጫ እገምት ነበር። ኦቦ ዲሪርሳ ግን የላሟን ጅራት አንሥተው ለገርባ ዘረጉለት። ትግልን ኦሮምኛው «ቀብሶ» ይለዋል፤ «ያዝ» ደግሞ «ቀቢ» ነው።

«ሦስት ቀን ሙሉ ቀብሶ፣ ቀብሶ ስትል ከርመሃል» አሉት። «ና፣ ቀቢ!»

ጓደኞቹ ቀድመው ፈነዱ። ገርባም ፊሽካውን ወደ ጀርባው ወርውሮ፣ አንዴ ሰማዩን አንዴ እኔን እያየ፣ ጅራቱን ያዘ። ሥራው ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። በማግስቱ አድማው አብቅቶ ትልቅ ሰው ከሥልጣን ወረደ ሲባል ገርባ ደውሎልኝ «መጠኑን አብዝተኸዋል መሰለኝ» አለኝ። ዛሬ ያው ገርባ ወተት ሰብሳቢ ሆኗል፤ ለአንድ ሰዓት እንኳን መንገድ ከተዘጋ ከሁሉም በላይ የሚንጨረጨረው እሱ ነው።

ወሬው ሱሉልታን አልፎ ሰበታ ድረስ ደርሶ ነበር። አንድ የማላውቀው ሰው ፉሪ ላይ አስቁሞኝ፣ አብዮት በጭስ ታረግዛለች የሚባለው እውነት ነው ወይ ብሎ ጠይቆኛል።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ጃለታ ላሟን መርምር ብሎ ጠራኝ። የሠርግ ወቅት ነበርና ሥጋ ቤት ያለው ሰውዬ ገመድ ይዞ አጥሩ ጋ ቆሟል። ሁለት ወር ተኩል ያለፈው ፅንስ በእጅ ይታወቃል፤ ለጀማሪም ይታወቃል። እጄን አስገባሁ። ዳበስኩ፤ እንደገና ዳበስኩ። ባዶ ነበረች። ያ ሁሉ አጀብ፣ ያ ሁሉ ዘፈን፣ ምንም አልያዘም።

ቀና ስል ኦቦ ዲሪርሳን አየኋቸው። አጥሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጠብቃሉ። ሰውየው ሲታሰሩ የቀለዱ፣ ላሞቻቸው ሲሸጡ የቀለዱ ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም። አንጀቴን በሉት። በሙያዬ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

«ይዛለች» አልኩ።

ሰውየው ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ። ጃለታም ወደ ቤት ገባ። ኦቦ ዲሪርሳ ሞተሬ ጋ ድረስ ሸኙኝ። ልናዘዝላቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ፤ ባዳቀልኳት በሃያ አንደኛው ቀን እንደገና ተነሥታ ነበር አሉኝ። «ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ዋለች፤ ለጃለታ ፍሩሽካ አምሯት ነው አልኩት» አሉ።

«ባዶ መሆኗን እያወቁ ስትመረመር ለምን ዝም አሉ ታዲያ?»

«አንተ ትዋሻለህ ብዬ ነዋ» አሉኝ።

ልስቅ ወይ ልናደድ ግራ ገባኝ። በሚቀጥለው ስትነሣ በድብቅ እንድመጣ ተስማማን። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ስለነበር በስልክ «አብዮት» የሚል ቃል እንዳይወጣዎ ብዬ አስጠነቀቅኳቸው። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ደወሉ። ስልኩን ያነሣችው ሚስቴ ናት። «ለወንዲ ንገሪው፤ ያቺ ሴትዮ ዛሬም ፈልጋዋለች፣ ልጄ ቡራዩ ባጃጅ ሊያይ ሄዷልና ሳይመለስ ቶሎ ይምጣ» ብለዋት ዘጉት። እኔ ሚስቴን በረቱ ድረስ ወስጄ ላሟን እስካሳያት ድረስ የቀመስኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ያን ቀን ጅራት የያዘችው እሷ ነች፤ አጥብቃ ነው የያዘችው።

ኅዳር ሲደርስ ላሟ መውለድ ነበረባት፤ አልወለደችም። ኦቦ ዲሪርሳ ለጠየቃቸው ሁሉ የአብዮት ነገር በቀጠሮ አይሆንም እያሉ አለፉት። ጃለታ አልጠየቀም። ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር አለፈ። የካቲት ሲያልቅ አጋተች፤ አንድ ጠዋት ና ተባልኩና ስደርስ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ሴት ጥጃ መሬት ላይ ወድቃ እናቷ ትልሳታለች። ኦቦ ዲሪርሳ ከበረቱ ወጡ። ከኋላቸው ልወጣ ስል እማማ ጠጅቱ ተወው፣ ያልቅስ አሉኝ።

ጃለታ ጥጃዋን በድርቆሽ እያሻሸ ነበር። ቀና ሳይል ላም ስንት ወር ነው የምታረግዘው አለኝ። ዘጠኝ አልኩት፤ ነገሩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«ይቺ አሥራ ሦስተኛ ወሯ ላይ ነው የወለደችው» አለ።

እኔም ድርቆሽ አንሥቼ ጥጃዋን ማሻሸት ጀመርኩ።

«ያን ቀን እጅህን ስታወጣ ያየኸው ላሟን ሳይሆን አባዬን ነው። ባዶ መሆኗን ያኔ አውቄያለሁ። ግንቦት ላይም ስትነሣ መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ። ቡራዩ የሚታይ ባጃጅ አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ሻይ ስጠጣ ነው የዋልኩት።»

«እንድትታረድ ካልፈለግህ የሥጋ ቤቱን ሰውዬ መጀመሪያውኑ ለምን አመጣኸው?»

እጁ ጥጃዋ ላይ ቆመ።

«እምቢ ይለኛል ብዬ ነበር» አለ። «ሁልጊዜ እምቢ ነበር የሚለኝ። ለሥጋ ትሂድ ስለው ግን እሺ አለኝ። አባዬ እሺ ሲለኝ ሊሞት ነው ብዬ ፈራሁ። አንተ ባትዋሽ እኔ ልዋሽ ነበር።»